ቤት ገዝቶ ማከራየት ላሰበው ወንድሜ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የአንድ ወንድማችንን ደብዳቤ አነበብኩ። ዘጠኝ ዓመት አረብ አገር ሠርቶ ጥሪቱን ይዞ ተመልሷል። «አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ገዝቼ ባከራይ ያዋጣኛል ወይ?» ነው ጥያቄው። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። ታናሽ እህቴ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታለች። እያንዳንዷ ሺህ ብር በስንት ሌሊት እንደምትመጣ ከሷ አይቻለሁ። ለዚህ ልጅ የማውቀውን ሳልነግረው ዝም ብል ይቆጨኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።

እኔ 11 ዓመት ተከራይ ነበርኩ። ከዚያ ጀሞ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ደረሰኝና ገባሁበት። በኋላ ባለቤቴ አየር ጤና አካባቢ የአባቱን ግቢ ሲወርስ ወደዚያ ተዛወርንና ኮንዶሚኒየሙን አከራየሁት። ግቢው ውስጥም ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። ይኸው 12 ዓመት ሆነኝ። ሀብታም አልሆንኩም፤ ግን ሁለት ልጆቼን አስተምሬበታለሁ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንነጋገር። ደላላ የሚነግርህ ሒሳብ አጭር ነው። «በወር 25 ሺህ፣ በዓመት 300 ሺህ፣ ቁጭ ብለህ ትበላለህ» ይልሃል። ቤቱን በ6 ሚሊዮን ብር ገዛኸው እንበል። ይሄ ለምሳሌ ነው፤ የሰፈሩን ዋጋ አንተው ታጣራለህ። 300 ሺህ የ6 ሚሊዮን 5 በመቶ ነው። አሁን ከዚያ ላይ ቀንስ። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቆም 25 ሺህ ሄደ። ቀለም፣ ቧንቧ፣ የበር ቁልፍ፣ የተነሳ ሴራሚክ እያልክ 30 ሺህ ያዝለት። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ አለ፣ የደላላ አለ፤ 10 ሺህ በል። የቀረህ 235 ሺህ ነው። ግብር ገና አልከፈልክም፣ ገና ከአሁኑ ከ4 በመቶ በታች ወርደሃል።

ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። ያው 6 ሚሊዮን ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 420 ሺህ ይወልዳል። «ታዲያ ቤት ለምኔ?» ትለኝ ይሆናል። ብር ተቀምጦ አቅሙ ያልቃላ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ብሩን በደብተር የያዘ ሰው ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ አቅሙ ሲቀንስ አየ። ቤት የነበረው ሰው ቤቱ እዚያው አለ። ስለዚህ ቤት የሚገዛው ጥሪት እንዳይሟሟ ነው፤ ኪራዩ ደግሞ ቤቱን የሚጠግን፣ ግብሩን የሚከፍል፣ ለአንተም ለወር ወጪ ትንሽ የሚተርፍ ነገር ነው። ይሄን ካወቅህ ብዙ ስህተት አትሠራም። ለምሳሌ በባንክ ብድር ገዝቼ ብድሩን በኪራይ እከፍላለሁ አትልም፤ 4 በመቶ የሚያስገባ ቤት የኛን አገር የብድር ወለድ አይችለውም። በሁለት ዓመት ሸጬ አተርፋለሁም አትልም። ያለህን በሙሉ አንድ ቤት ላይ ጨርሰህ ለቧንቧ ሠራተኛ የምትከፍለው እስክታጣም አትደርስም። ቢያንስ የስድስት ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ በእጅህ ቀርቶ ነው መግዛት ያለብህ።

ቤት ልታይ ስትሄድ ደላላው ሳሎኑን ያሳይሃል። አንተ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ግባ። ሻወሩን ክፈተው፣ አሥር ደቂቃ ይፍሰስ። ከዚያ ታች ቤት ወርደህ አንኳኳና «ይቅርታ፣ ጣሪያችሁን ልየው?» በል። የአበሻ ልጅ እምቢ አይልም፣ ገብተህ እይ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካየህ ያ ክብ የአንተ ሊሆን ነው ማለት ነው። ደግሞ ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ጠይቅ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የትኛው ፎቅ ድረስ ይወጣል? ፈረቃውን ከነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አምስተኛው ፎቅ ርካሽ የሚሆነው አለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙዎቹ የ20/80 ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፣ ውሃውም እዚያ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ተከራይህ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ሁለት ወር ይታገስና ሦስተኛው ላይ ይወጣል። ሮቶ ማስቀመጫ ቦታ አለው ወይ? ፓምፕ ይፈቀዳል ወይ? ይሄን ሳትጠይቅ ቀብድ እንዳትከፍል።

ሌላው ትራንስፖርት ነው። ተከራይ ቤት ሲመርጥ ታክሲ ነው የሚቆጥረው። ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄደህ ሰልፉን እየው። አንድ ጠዋት ቆመህ ያየኸው፣ ወር ሙሉ ደላላ ከሚነግርህ ይበልጣል። የድሮ ሰፈር ውስጥ ግቢ ልግዛ ካልክ ደግሞ ቦታው ለመልሶ ማልማት ወይም ለኮሪደር ልማት የተያዘ መሆን አለመሆኑን ከክፍለ ከተማው አጣራ። ፒያሳና ካዛንቺስ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። እዚያ የነበሩ ሰዎች ቤታቸው ይፈርሳል ብለው መች አሰቡ?

ወረቀቱ ላይ ጨክን። ካርታውን በስልክ በተላከልህ ፎቶ አትመን። የሻጩ ስም፣ መታወቂያው፣ ካርታው ይመሳከር። ዕዳና እግድ እንደሌለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይምጣልህ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር አጋሩም ትፈርም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ መረጋገጥ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 ይናገራል፤ በጓሮ የተጻፈ፣ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ችግር ሲመጣ አያስጥልህም።

በተለይ በውክልና ከሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ተጠንቀቅ። የመንግሥት ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ሰዎች ገንዘቡን ይቀበሉና «አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ስሙን ታዛውራለህ» ብለው ውክልና ይሰጣሉ። ዋጋው ትንሽ ቀነስ ስለሚል ያጓጓል። ግን ውክልና በማንኛውም ቀን ይሻራል። ወካዩ ሲሞትም ውክልናው አብሮት ይሞታል። የኛ ብሎክ ላይ እንዲህ የገዛ አንድ ሰው ነበር። ሻጩ በሦስተኛው ዓመት አረፈ፣ ወራሾች መጡ። ሰውየው ክርክሩን እንደያዘ ፀጉሩ ሸበተ። ከፍሎ የገዛውን ቤት በር ላይ ቆሞ ሲለምን አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

አሁን ወደ ማከራየቱ እንምጣ። ከ2016 ጀምሮ ነገሩ ተለውጧል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ አለ። ብዙ አከራይ አላነበበውም። ብዙ ተከራይም አላነበበውም። ዋና ዋናው ይሄ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል የለም። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ መንግሥት ይፋ ባደረገው መጠን ብቻ። ውሉ ሳያልቅ ደግሞ ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ውጪ «ልጄ ሊያገባ ነው ልቀቅ» ማለት ቀርቷል።

አዋጁ ሲወጣ ጎረቤቶቼ ተቆጥተው ነበር። እኔም መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር። ግን 11 ዓመት ተከራይ በነበርኩበት ጊዜ ስድስት ቤት ቀይሬያለሁ። አንዱን የለቀቅኩት የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ በ40 ቀኔ ነው። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበሩም፤ አምስት መቶ ብር የሚጨምር ሰው አገኙ፣ በቃ። ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ስንወጣ ዝናብ ነበር። ስለዚህ ሁለት ዓመት የሚጸና ውል ለተከራይ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ለአከራይም ቢሆን ሁለት ዓመት ኪራይ ሳይቋረጥ መግባቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ሰዎች ሁለት ውል ይጽፋሉ። ለወረዳው 10 ሺህ ብለው ያስመዘግባሉ፣ በጎን 25 ሺህ ይቀበላሉ። ግብር ለመቀነስ ነው። ወንድሜ፣ እንዳታደርገው። ተከራዩ አልከፍልም ያለ ቀን ፍርድ ቤት የሚያየው የተመዘገበውን 10 ሺህ ነው። ጭማሪው የሚሰላውም በ10 ሺህ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገመድህን ለተከራዩ አስጨብጠሃል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ቢያበላሽም ምንም ልትለው አትችልም።

የኪራይ ገቢ ግብር የሚሰላው በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ነው። አዋጁ 979/2008 ነበር፣ በ2017 ተሻሽሏል። ስለዚህ የድሮውን ሠንጠረዥ ከጓደኛህ ስልክ ላይ አይተህ አትሥራ፣ ገቢዎች ሄደህ አዲሱን ጠይቅ። ለጥገና የምታወጣውን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ አስቀምጥ። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው ወጪዎቹ ይያዙለታል። የጣሪያና ግድግዳ ግብር አለ፣ በጥር 2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። እነዚህን ሁሉ ከመግዛትህ በፊት ሒሳብህ ውስጥ አስገባ፤ ከገዛህ በኋላ ስትሰማቸው ያስደነግጣሉ።

ተከራይ ስለመምረጥ ጥቂት ልበል። ብዙ አከራይ «ልጅ ያለው አልፈልግም» ይላል። ሌላው «ላጤ አይሆንም» ይላል። ብሔርና ሃይማኖት የሚጠይቅም አለ፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳፍረኝ። በኔ ልምድ ረጅም ጊዜ የሚቆዩት ልጆች ያሏቸው ናቸው። ልጁ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብቶ ጓደኛ ካፈራ ቤተሰቡ ዝም ብሎ አይነሳም። ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ግድግዳ ይቀባል። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ምን ትሠራለህ፣ ከየት ነው የምትመጣው፣ የበፊቱን አከራይ ስልክ ስጠኝ። ከዚያ ደውዬ «ቢመለስ ታከራዪዋለሽ?» እላለሁ። መልሱን ሳይሆን ከመመለሷ በፊት ያለውን ዝምታ ነው የማዳምጠው።

ርክክብ ላይ አትቸኩል። ከተከራዩ ጋር ክፍል በክፍል ዙር። ስልክህን አውጥተህ ሁሉን ፎቶ አንሳ። በሩን፣ መስኮቱን፣ የመታጠቢያውን መስታወት፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር። ስንት ቁልፍ እንደሰጠኸው ጻፍ። አንድ ወረቀት ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንዱ ኮፒ ለሱ ይሁን። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ ከተከራይ ጋር በዕቃ ተጣልቼ አላውቅም። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር የበሩን ቁልፍም ቀይር። የወጣው ሰው ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ ገቢው ሰላም ተኝቶ እንዲያድር ነው።

አሁን በጣም ልነግርህ የምፈልገው ላይ ደረስኩ። ጥገና።

ጀሞ ያለው ቤቴ ውስጥ አንዲት ነርስ ከትንሽ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን ደውላ «እትዬ፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ሲፎን ያንጠባጥባል፣ ባልዲ አድርጌበታለሁ» አለችኝ። እሺ፣ ሰው እልካለሁ አልኳት። የፋሲካ ሰሞን ነበር፣ ሥራ በዛብኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ደወለች። «ባልዲውን በቀን ሁለቴ እደፋለሁ» አለች፣ በትህትና ነው የምትናገረው። እሺ አልኳት። ሦስተኛ ጊዜ የደወለው እሷ ሳትሆን ከታች ያለው ጎረቤት ነው። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ሆና ባልዲው ሞልቶ ፈሷል፣ ውሃው ሴራሚኩ ሥር ሄዶ በታች ቤት ኮርኒስ ወርዷል። ስደርስ የሰውየው አልጋ ርሷል። ባለቤቱ ፍራሹን በረንዳ ላይ ዘርግታ በፎጣ ትጠርገዋለች። እኔን ስታይ ምንም አላለችኝም፤ ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

የሲፎኑ ጎማ ከመቶ ብር አይበልጥም ነበር። እኔ የከፈልኩት የኮርኒስ፣ የፍራሽ፣ ተነቅሎ እንደገና የተሠራ የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው። ነርሷ ደግሞ ውሏ ሲያልቅ ወጣች። «ልጄ እርጥበቱ እያሳለው ነው እትዬ» አለችኝ። ከሁሉ ያሳዘነኝ እሱ ነው። አራት ዓመት አንድ ቀን ኪራይ ያላሳለፈች ሰው ነበረች። ሁለት ጊዜ ነግራኝ አልሰማኋትም። ከዚያ ወዲህ ተከራይ ስለቤቱ ከደወለ በሦስት ቀን ውስጥ ሰው ይላካል። ራሴ መሄድ ካልቻልኩ ቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪሺያኑ ቀጥታ ለተከራዩ ደውለው ይሄዳሉ፣ ሒሳቡን እኔ እልካለሁ። ሁለቱን ሠራተኞች ለዓመታት አልቀየርኳቸውም። ቤቱን ያውቁታል፣ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ያውቃሉ። በየጊዜው ርካሽ ሰው የሚፈልግ አከራይ አንዱን ግድግዳ ሦስቴ ያስቆፍራል።

ለጥገና ከየወሩ ኪራይ አሥር በመቶ ለብቻው አስቀምጥ፣ የተለየ የባንክ ደብተር ክፈትለት። ይሄን የተማርኩት ከልጅነቴ ነው። ያደግኩት በቀበሌ ቤት ነው። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ ነው የሄዱት። የኛ ቤት ኪራይ በወር 8 ብር ነበር። እናቴ 8 ብሩን በወቅቱ ትከፍላለች፣ ጣሪያው ግን ያፈሳል። ለቀበሌ ስታመለክት «በጀት የለም» ይሏታል። እውነታቸውን ነው፣ 8 ብር ቆርቆሮ አይገዛም። ክረምት ሲገባ ሦስት ጎላ ድስት ሳሎኑ ውስጥ እንደረድር ነበር። አንዱ ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል፤ እናቴ ድምፁን ሰምታ ከእንቅልፏ ትነሳለች። ጥገና ያልተመደበለት ቤት ቀስ እያለ እንዴት እንደሚሞት ያየሁት ያኔ ነው። ግድግዳው ጎበጠ፣ ማገሩ በሰበሰ፣ በመጨረሻ ጎረቤት በገመድ ደገፈው።

ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ግቢ ከገዛህ ደግሞ የመብራቱን ነገር አስተካክል። አከራይና ተከራይን እንደ ቆጣሪ የሚያጣላ ነገር የለም። የመብራት ታሪፍ በደረጃ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ያለው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በጣም ርካሽ ነው፣ ከዚያ በላይ እየጨመረ ይሄዳል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ከተጠቀመ ሁሉም ውዱ ደረጃ ላይ ይደርሳል። አንዱ ምጣድ ይሰካል፣ ሌላው አምፖል ብቻ ያበራል፣ ሒሳቡ ግን እኩል ይካፈላል። ከዚያ ኩርፊያ ይጀመራል። እኔ ለየክፍሉ የሚለካ ትንሽ ቆጣሪ አስገባሁ፣ በወሩ መጨረሻ አብረን እናነባለን፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። ምጣድ የምትጋግረው ልጅ ዛሬ በነፃነት ትጋግራለች። የተጠቀመችውን ስለምትከፍል የሚያጉረመርም የለም።

ስለ ኪራይ ጭማሪ የኔ አቋም ይሄ ነው። የተፈቀደው ሁሉ አይጨመርም። ደህና ተከራይ ያለው ሰው ጭማሪውን ከባዶ ወር ጋር ያስላ። 25 ሺህ ላይ 2 ሺህ ልጨምር ብለህ ሰውየው ቢወጣብህና ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቆም፣ ያቺን ወር ለመመለስ 12 ወር ተኩል ያስፈልግሃል። ቀለሙና ደላላው ሳይቆጠር ነው ይሄ። በ2012 ሚያዝያ፣ በኮሮናው አስቸኳይ ጊዜ፣ ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ተከልክሎ ነበር። ያኔ አንዱ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ሆቴል የሚሠራ ልጅ ነበረ። ሆቴሉ ተዘጋ። ልጁ ፊቱን ሊያሳየኝ አፍሮ ማታ ማታ ነበር የሚገባው። ጠርቼው «እኩሌታውን ክፈል፣ ሥራ ስትጀምር እንነጋገራለን» አልኩት። አራት ወር እኩሌታ ከፈለ። ሥራ ሲጀምር የቀረውን ቀስ ብሎ ከፍሎ ጨረሰ፣ ሳልጠይቀው። ከዚያ በኋላ አግብቶ እስኪወጣ ሌላ አራት ዓመት ተቀመጠ፣ አንድ ባዶ ወር አላየሁም።

ወንድሜ፣ ተመልሰህ ልትሄድ ካሰብክ ወይም ቤቱን በዘመድ ልታስተዳድር ከሆነ ይሄን ስማ። ዋሽንግተንም ዱባይም ያላችሁም ስሙ። ለወንድም፣ ለአጎት «ሁሉን አድርግልኝ» ብላችሁ ውክልና አትስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የማስተዳደር ሥራ ይሠራል፤ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትም በዚህ ውስጥ ነው። ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል ሐረግ ካለ አስወጡት፤ ፎርሙ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። ኪራዩ በቀጥታ በቤቱ ባለቤት ስም ወዳለ ሒሳብ ይግባ። ዘመዳችሁ ለሚደክመው ደግሞ በየወሩ የተቆረጠ ነገር ክፈሉት። «የእህቴ ቤት ነው» ብሎ በነፃ የሚሮጥ ሰው አንድ ዓመት ይሮጥና ይደክመዋል። ደክሞት ዝም ሲል ቤቱም ይጎዳል፣ ዝምድናውም ይጎዳል። እህቴ ቤይሩት ሆና ቤቷን ለሚያስተዳድርላት አጎታችን ምንም አልከፈለችም ነበር። እንደ ቤተሰብ አይጠየቅም ብላ ነው። አጎታችን ተቀይሞ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም፣ ቤቱም ያን ጊዜ ሁሉ ተዘግቶ ቆየ።

የጋዜጣው አዘጋጆችን አንድ ነገር ልለምን። የኪራይ ጭማሪው መጠን ይፋ በሆነ ቁጥር በፊት ገጻችሁ አውጡልን። አንድ ናሙና የኪራይ ውልም ሙሉ በሙሉ አትሙልን፣ ሰው ቆርጦ ይያዘው። ብዙ ተከራይ ውል ሲሰጠው ምን መጻፍ እንዳለበት ስለማያውቅ ዝም ብሎ ይፈርማል፤ ብዙ አከራይም ከደላላው የተቀበለውን ነው የሚሰጠው።

ወንድሜ፣ ጀሞ ወይም አየር ጤና አካባቢ ቤት አይተህ ካሰብክበት ስልኬን አዘጋጆቹ ጋር ትቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። አብረን ሄደን ሻወሩን ከፍተን እናያለን፣ ታች ቤትም እኔ አንኳኳልሃለሁ።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከአየር ጤና